ካውያውና የኤኩዋ ጉንጭ

ማስተር ኤቦ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካውያ ሲያይ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ኧረ አውርዱት፣ ግድግዳውን ያቃጥለዋል!» ይላል። ጠጋ ብሎ ወረቀት መሆኑን ሲያውቅ በራሱ ይስቃል፤ ኤቦም አብሮት ይስቃል። እንግዳ የሚወደው ለዚያች ሳቅ ሲል ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም።

በእርሳስ የተሣለ የከሰል ካውያ ነው። ዱሮ በየቤቱ የነበረው፣ ሆዱ ውስጥ ፍም የሚጨመርበት፣ የክዳኑ መቆለፊያ በአውራ ዶሮ ቅርጽ የተሠራው ከባድ የነሐስ ካውያ። የዶሮው ጅራት ጫፉ ተሸርፏል። የእንጨት እጀታው የእጅ ላብ ጠጥቶ መሃሉ ጠቁሯል። ከመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በአንዷ ጠርዝ ላይ ቁንጥጫ የማትሞላ አመድ ቀርታለች፤ ያያት ሰው ሁሉ እፍ ሊላት ይቃጣዋል። ሥዕሉ ኬፕ ኮስት ከተማ ለኤግዚቢሽን ሄዶ የሽልማት ሪባን ታስሮለት ተመልሷል። ሪባኑ ደብዝዞም ቢሆን እስከ ዛሬ ጥጉ ላይ ተንጠልጥሎ አለ።

ካውያው የሚስቱ ነበር። ኤኩዋ ሱሚና ልብስ ተኳሽ ነበረች። በባሕር ዳሯ ከተማ በአኖማቦ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሱሪ ይሁን የመዘምራን ካባ፣ የሐዘን ጨርቅ ይሁን የሙሽራ፣ በእሷ እጅ ያላለፈ አልነበረም። ኤቦ የሥዕል አስተማሪ ነበር፤ ተማሪዎቹ ማስተር ይሉታል፣ ከተማውም ከተማሪዎቹ ተቀብሎ እንዲሁ ይለዋል። ደመወዙ ሲዘገይ፣ የማይዘገይበት ወርም አልነበረ፣ ቤቱን አቁሞ የያዘው ያ ካውያ ነው። ልጅ አልወለዱም።

ሱሚና ማለት የጥራጊ መጣያ ማለት ነው። ስድብ አይደለም። እናቷ ከእሷ በፊት የወለደቻቸው ሕፃናት ሁሉ ስለሞቱባት፣ ኤኩዋ በተወለደች ጊዜ ወስዳ ጥራጊ ላይ አስቀመጠቻት። ሌላ ሴት እንደ ወደቀ ዕቃ አነሣቻት፤ ጉንጯን በምላጭ በጣ አድርገው «ይቺማ ለማን ትረባለች» ብለው ስሙን አወጡላት። ሞት የተናቀ ነገር አይወስድም ብለው ነው። እውነትም ሞት አይቶ እንዳላየ አልፏት ሄደ። ከእሷ ቀጥሎ እኅቷ አራባ ያለ ብጣት፣ ያለ ክፉ ስም በሰላም ተወለደች። ኤኩዋ ጉንጭ ላይ የቀረችው ብጣት የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። ይህቺን ብጣት ግን ልብ በሉልኝ።

ኤቦ ካውያውን ለመሣል የተነሣው ደረቁ ነፋስ ከሰሜን አቧራ ይዞ በሚመጣበት ወራት ነበር። «ካውያውን ከዚህ ጠረጴዛ ላይ እንዳታነሺው» አላት።

«በምን ልተኩስ ታዲያ? በምላሴ?»

«ከአራባ ተዋሺ። አመዱ ከቦታው ከተነቃነቀ ሥራዬ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ጉድ እኮ ነው! የሰው ባል ሚስቱ እንዳትነቃነቅ ይጠብቃል፣ የኔው አመድ ይጠብቃል» አለችና ሄዳ ከእኅቷ ተዋሰች። የአራባ ካውያ ሥሩ የተበሳ፣ ፍም የሚያንጠባጥብ አሮጌ ነበር። አንድ ቀን ፍሙ ወርዶ የእግሯን ጣቶች ጠበሳቸው። የዘንባባ ዘይት ቀባችበትና መተኮሷን ቀጠለች። ኤቦ የሰማው ማንከሷን ሌላ ሰው ሲጠይቃት ነው።

ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እየተኮሰች ታወራዋለች። እሱ ከካውያው ላይ ዓይኑን አያነሣም።

«ማስተር፣ እኔንስ መቼ ነው የምትሥለኝ?»

«ሰው ይንቀሳቀሳል። እኔ የምሥለው አርፎ የሚቀመጥ ነገር ነው።»

«እኔስ አርፌ እቀመጣለሁ። የት እሄድብሃለሁ?»

«ይሄ ይለቅና።»

«አናቴ ላይ ዶሮ ብሰካስ?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። የዶሮውን ዓይን እየሣለ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ኤቦ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም። አልመታትም፣ አልሰደባትም፣ ውጭ አላደረባትም። ሰፈሩም እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል ይላት ነበር። ዓይኑን ብቻ ነው የነፈጋት፤ ዓይን ደግሞ ቢነፍጉት ማንም ዳኛ ፊት የማይከሰሱበት ነገር ነው።

ኤኩዋ የሞተችው አንድ እሑድ ጠዋት የመዘምራን ካባ ስትተኩስ ነው። «ማስተር፣ ውሃ አቀብለኝ» አለችው። ውሃውን ይዞ ሲመለስ ወለሉ ላይ ነበረች፤ ካውያው ካባው ላይ ተደፍቶ ጨርቁ ይጨሳል። ኤቦ በመጀመሪያ ያነሣው ካውያውን ነው። ቤቱ እንዳይቃጠል ብሎ ነው፤ ማንም ሰው ያደርገዋል። ግን ይህን ነገር ለማንም አልተናገረም።

በደንቡ መሠረት የእናቷ ወገኖች መጥተው ወሰዷት። በሕይወት ሳለች የባሏ ብትሆንም ስትሞት የወገኗ ናት፤ አስከሬኗ ኬፕ ኮስት ማቆያ ገባ፣ ጉዳዩ ሁሉ በወገኑ አለቃ በኤግያ አባካ እጅ ሆነ። ኤግያ አባካ የእናቷ ወንድም ናቸው። በሳምንቷ ወገኑ ሁሉ ጥቁርና ቀይ ለብሶ ድንኳን ሥር ተቀመጠ፤ ኤቦም በአማች ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አማቻችን» አሉ ኤግያ አባካ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ማተሚያ ቤቱ ለቀብሯ ማስታወቂያ ፎቶ አምጡ ይለናል። ልጃችን ደግሞ ፎቶ የላትም።»

አልነበራትም። ሞት የሚፈልጋት ልጅ ፊቷን ወረቀት ላይ ጥላ አትሄድም ብላ እናቷ ከልጅነቷ ከልክላታለች፤ ካደገች በኋላም ልማድ ሆኖባት ካሜራ ስታይ ዘወር ትላለች። መዘምራኑ አብረው የተነሡት አንድ ፎቶ አለ። እዚያ ላይ ከአንዲት ረጅም ሴት ትከሻ ጀርባ የራስ መሸፈኛዋ ቋጠሮ ብቻ ይታያል።

«አንተ ግን እጅህ ጉድ ነው ይባላል» ቀጠሉ ሽማግሌው። «ካውያህን ያየ ሰው ሊያነሣው እጁን ይዘረጋል አሉ። እስቲ ልጃችንን ሣልልን። ማስታወቂያውን ያየ ሁሉ ኤኩዋ ራሷ ቆማለች ይበል።»

ድንኳኑ ሥር የመስማማት ማጉረምረም ሄደ። የኤቦ ደረት፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ በዚያች ቀንም እንኳ ነፋ አለ። «አላሳፍራችሁም» አለ።

አራባ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። «ማስተር፣ አደራዎን። እናታችን የከለከለቻትን ፊት እርስዎ ይስጧት» አለችና ተቀመጠች።

ቤቱ ገብቶ ወረቀቱን ወጠረ፣ እርሳሱን ቀረጸ። የራስ መሸፈኛዋ መጀመሪያ መጣ፤ ከነቋጠሮው፣ ከነዘርፉ። የጆሮ ጌጧ መጣ። የቀሚሷ አንገት በስታርች የቆመው መጣ። ከዚያ ወደ ፊቷ ገባ፤ ገብቶም ቆመ።

ስለ ካውያው ብትጠይቁት ኖሮ! የዶሮው ጅራት በየት በኩል እንደተሸረፈ፣ ክዳኑ ሲከደን የትኛው ጠርዝ እንደሚቀር፣ የእጀታው ስንጥቅ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚጠፋ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። የሚስቱ አፍንጫ ግን ሰልካካ ነበር ወይስ ደፍጠጥ ያለ? ድምፅዋን ያስታውሳል። ኮቴዋን ያስታውሳል። የተኮሰችው ልብስ ሽታ አፍንጫው ላይ አለ። ፊቷ ግን በጎኑ አልፎ የሚሄድ ሰው ፊት ሆነበት። ብጣቷን በቀኝ ጉንጯ ሣለ፤ ደስ አላለውም፣ አጠፋው። በግራ ሣለ፤ ያንንም አጠፋው። ላጲሱ ወረቀቱን እስኪያሻክረው ድረስ ከወዲያ ወዲህ ተመላለሰ።

ድንገት አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ኤኩዋ ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ነበር የምትቀመጠው። የካውያው ሆድ በሎሚና በአመድ ስለምትፈትገው መስተዋት ነው፣ ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ ያሳያል። እሱ ደግሞ ያየውን የሚዘል ሰው አይደለም! እየሮጠ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረደና መስኮት ዳር ወሰደው፤ ማጉያ መነጽሩን አወጣ።

የካውያው ሆድ ላይ መስኮቱ ነበር፣ ጎበጥ ብሎ፣ ከነብረቱ። ከመስኮቱ ማዶ የኮኮናት ዛፍ። የጠረጴዛው ጠርዝ። የኤኩዋ መቀመጫ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ግን ንጹሕ፣ የሚያበራ ነሐስ ብቻ ነበር።

ያኔ ትዝ አለው። መጀመሪያ ላይ በዚያ ቦታ አንድ ጥቁር ነገር ነበር፤ ክንዷ በሄደ በመጣ ቁጥር የሚወዛወዝ። አላሠራው ብሎ አናደደው። «ኤኩዋ፣ ጥላሽ ካውያዬ ላይ ወድቋል፤ እስቲ ወደዚያ ዞር በይልኝ» አላት። «ካውያዬ? ያንተ ሆነ ደግሞ?» ብላ ጠረጴዛዋን፣ ፍሟን፣ የሰው ልብሷን አንድ በአንድ ተሸክማ በረንዳ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተኮሰችው አቧራ ላይ ነው። ነጭ ካባ ደግማ እያጠበች።

ኤቦ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር። ለማን ፊት ብሎ ያልቅስ?

በማግሥቱ ብልሃተኛ የሆነ መስሎት መንገድ ዳር ዶኮኖ የምትሸጠውን አንቲ ባዱዋን ጠጋ አላት። «የኔዋ ኤኩዋ ጉንጯ ላይ የነበረችው ብጣት ትዝ ትልሻለች?»

«እንዴት አትለኝ፣ ማስተር! ስትስቅ አብራ የምትስቀው!» አንቲ ባዱዋ የጨርቋን ጫፍ ወደ ዓይኗ አነሣች።

«እኮ… የቱ ጋ ነበረች?»

«ጉንጯ ላይ ነዋ!»

«እሱማ ጉንጯ ላይ። በወዴት በኩል ማለቴ ነው።»

ሴትዮዋ ማልቀሷን ትታ አየችው። የበቆሎውን ሊጥ በሙዝ ቅጠል ሲጠቀልል የነበረው እጇ ቆመ። «እኔን ነው የሚጠይቁት?» አለች።

«የለም፣ እንዲያው ለጨዋታው ያህል ነው» ብሎ ዶኮኖ እንኳ ሳይገዛ ሄደ። ሌላ ሰው ለመጠየቅ ወኔ አጣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ባል የሚስቱን ጉንጭ አያውቅም የሚል ወሬ ደግሞ በአኖማቦ ከማዕበል ይፈጥናል።

የቀረችው አራባ ነች። አራባ ከባሕሩ ዳር ዓሣ በጭስ የምታደርቅበት ጎጆ ነበራት። ምላሷ ጅራፍ ነው፤ ዓሣ አስጋሪዎቹም ይፈሯታል። ኤቦ ሲገባ ምድጃው ላይ አጎንብሳ ዓሣ ትገለብጥ ነበር።

«አስከሬኗን እንዳያት ለኤግያ አባካ ንገሪልኝ» አላት።

«ታጥባ እስክትለብስ ማንም አያያትም። ደንቡን ያውቁታል።»

«ለሥዕሉ ነው፣ አራባ። አንድ አፍታ ብቻ።»

«ለሥዕሉ?» ቀና ብላ አየችው። «ፊት ለፊት አስቀምጦ ማየት ለካውያ ነው። ሚስትዎን ለመሣል ምን ማየት ያስፈልጋል? ዓይንዎን ቢጨፍኑ አይበቃም?»

ኤቦ ዓይኑን ጨፈነ። ሊያፍርበት የሚችል ሌላ ቦታ ስላልነበረው ነው። አራባ ግን እንባውን የዋጠ መስሏት ልቧ ራራ፤ የዓሣ ገበታ ደፍታ አስቀመጠችው። «ይቀመጡ እስቲ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም» አለች።

ተቀመጠ። ብርሃኑ በዘንባባው ግድግዳ ስንጥቅ ገብቶ በአንድ ጎኗ ወድቋል፤ ጭሱ ጥላዋን አለስልሶታል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አገጯ የእኅቷ አገጭ መሆን አለበት፤ ግንባሯም እንደዚሁ። የኤቦ ዓይን ሳያዝዘው ሥራ ጀመረ። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም ወዲያ መጣ።

«ሰው ማስተር ከእርሳሱ ሌላ የሚወደው የለም ይል ነበር» አለች አራባ አንድ ቀን ለጎረቤቷ፣ እሱ እየሰማ። «ይኸው እኅቴን ፍለጋ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ወይ ሐዘን!» ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። አርፋ እንድትቀመጥለት አልጠየቃትም። እሷው አዝናለት ሥራዋን እየተወች ፊት ለፊቱ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር።

ከዚያ ቤቱን ዘግቶ ሣለ። ጉንጩን ትንሽ ሞላ፣ ዓይኑን ትንሽ ዝቅ ባደርገው ኤኩዋ ትሆናለች አለ ለራሱ። ነገር ግን እጁን ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ያየውን መቅዳት ነው፤ ሊያጣምም የሞከረውን ሁሉ እርሳሱ እያቃና ይመልሰዋል። የብጣቷን ነገር በዘዴ ተገላገለው። ፊቷን ዘወር አድርጎ አንዱን ጉንጭ ከዓይን ሰወረ፣ በሌላው ላይ የራስ መሸፈኛዋን ጥላ ጣለበት። ከሥሩ በሚያምር ፊደል «ኤኩዋ ሱሚና፤ ጌታ ወደ ቤቱ ጠራት» ብሎ ጻፈ። ጨርሶ ራቅ ብሎ ሲያየው ሴትዮዋ ልትተነፍስ ምንም አልቀራት። ኤቦ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ ነበር። በልቡ ውስጥ ሌላ ፊት ስላልነበረ ይኸኛው ያለ ተቀናቃኝ ገብቶ ተቀመጠ፤ እሷን ያገኛት መሰለው።

ሥዕሉን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ወገኑ ቤት ወሰደው። ግቢው ሞልቷል። ጨርቁን ሲገልጠው ከኋላ የቆሙት «እህህ!» አሉ፤ «ልትናገር ነው እኮ!» አለ አንዱ። ኤቦ ፈገግታውን መያዝ አቃተው። ፊት የተቀመጡት ግን እርስ በርስ ተያዩ። ሰው ሥዕሉን ያያል፣ አራባን ያያል፣ መልሶ ሥዕሉን ያያል።

«አራባ» አሉ ኤግያ አባካ። «መቼ ነው የተቀመጥሽለት?»

አራባ ቀረበች። ልጅ ሳለች ከምድጃ የተፈናጠረ ፍም የላጨው፣ ፀጉር የማያበቅል ትንሽ ቦታ ግራ ቅንድቧ ላይ አለ። ሥዕሉም ላይ አለ፤ ከነቅርጹ። እጇ ወደ ቅንድቧ ሄደ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበች። «በቁሜ ገደለኝ! ወገኖቼ፣ ይህ ሰው በቁሜ የሞት ማስታወቂያ አወጣብኝ!»

ግቢው ኡኡታ ሆነ። የቆመ ሰው ፊት ከሞት ቃል በላይ ማስቀመጥ መቃብሩን ቆፍሮ ስሙን እንደ መጥራት ነው። ሴቶቹ አራባን በጨርቅ ሸፍነው ወደ ጓዳ አስገቧት። አንድ ሽማግሌ አረቄ መሬት ላይ እያፈሰሱ «አልጠራናትም፣ አልጠራናትም» ይላሉ። አራባ ግን ከሴቶቹ እጅ ተስፈንጥራ ወጣችና ፊቱ ቆመች።

«እኔ የዋህ! ያዘነ መስሎኝ ዓሣዬን ሳበላ! እኔን ነበር የምትለካኝ?» ማስተር ማለቱንም እርስዎ ማለቱንም ያን ዕለት ተወችው። «ለመሆኑ እኅቴን ታውቃታለህ አንተ ሰውዬ?»

ኤቦ አንገቱን ደፋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ የሚስቱን ፊት አወርዳለሁ ሲል የእኅቷን ነፍስ ነካ፣ ከሰው ዘንድ የነበረውንም ስም ጣለ።

ኤግያ አባካ ግን አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። «ማስተር» አሉት፣ «አማች የሚጠየቀው ብዙ ነው። ጨርቅ ይጠየቃል፣ ቀለበት ይጠየቃል፣ ሣጥን ይጠየቃል። ከአንተ የጠየቅነው ፊቷን ብቻ ነው። በእጅህ ካለው ሁሉ ቀላሉ እሱ መስሎን ነበር።»

«አላስታወስኳትም፣ አባቴ» አለ ኤቦ፤ ከሽማግሌው በቀር ማንም አልሰማውም።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህን ቃል እኔም እንዳልሰማሁት ልሁን» አሉ። «ደግመህ እንዳትለው። ልጃችንን ሁለተኛ ጥራጊ ላይ መጣል ነው። መጀመሪያ የጣልናት እንድትኖር ብለን ነበር።»

ሥዕሉ እዚያው ግቢው ውስጥ ተቃጠለ። የአራባን ነፍስ ለማጠብ ኤቦ በግ አመጣ፤ በጉ ሲታረድ ግን እንዲቆም አልፈቀዱለትም።

ማስታወቂያው ያለ ፊት ታተመ። ማተሚያ ቤቱ ባዶ ቦታው እንዳያስጠላ ብሎ ለሁሉ የሚያገለግለውን የሻማ ሥዕል አስገባበት። ወረቀቱ በየግንቡና በየኮኮናቱ ግንድ ላይ ተለጠፈ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነባል። «የትኛዋ ኤኩዋ ናት?» ይላል አንዱ። «ያቺ ተኳሿ። የማስተር ሚስት፣ ካውያዋ የተሣለው» ይለዋል ሌላው። «እ፣ ካውያውንማ አውቀዋለሁ!»

ከቀብሩ በፊት አራባ መጣች። ደህና ዋልክም አላለችው። የሴት ዕቃ ለወገኗ ነው፤ ካውያውን ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አደረገችው።

«ቀስ! አመዱ…» አለ ኤቦ። ከአፉ አምልጦት ነው። ሥዕሉ ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ አመዱስ የቱ አመድ ነው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አራባ በሩ ላይ ቆማ ዞራ አየችው፤ ከዚያ ግድግዳውን አየች። «የመቃብር ልብሷን የምተኩስበት ነው» አለችው። «ያኛውን ላንተ ትቼልሃለሁ። እሱ አይሞቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት ኤኩዋ በወገኗ ቤት አዳራሽ በነሐስ አልጋ ላይ ተጋደመች። አልባሾቹ ሴቶች የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ጨርቋ እጥፋቱ ሰው የሚቆርጥ እስኪመስል ተተኩሷል፤ አራባ ሌሊቱን ነው የሠራችው። ሰው በሰልፍ እየገባ ይሰናበታል። የኤቦ ተራ ደረሰ፤ ቀለበቱን፣ ፎጣውን፣ መሐረቡን፣ ባል የሚሰጠውን ሁሉ ሰጠና አልጋው ጎን ቆመ።

አርፋ ተጋድማለች። ካውያ እንኳ እንደዚያ አያርፍም። አሁን አየሁሽ ሊላት ጎንበስ አለ፤ መጀመሪያም ብጣቷን ፈለገ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከትሎ የሚመጣለት መስሎት። ቀኝ ጉንጯን አየ። ግራውን አየ። አልባሾቹ ሁለቱንም ጉንጮቿን በነጭ ዱቄት ለስነዋቸዋል፤ ፊቷ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ልሙጥ ሆኗል። ብጣቷ የለችም። የሚያውቃት ሰው በዱቄቱ ሥርም ያያት ይሆናል። ኤቦ አውራ ጣቱን ወደ ጉንጯ ዘረጋ፣ ትንሽ ጠረግ ሊያደርገው።

አራባ ከማዶ እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። ዓይኑ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ሲንከራተት አይታ ነበር። ነገሩ ገባት፤ ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ጠፋና ከቁጣ የባሰ ነገር ተተካ።

«እስከ ዛሬም አታውቀውም?» አለችው በሹክሹክታ።

ኤቦ ዓይኑን ወደ ዱቄቱ መለሰ።

«ያን ሁሉ ዘመን ያለ ዱቄት ፊትህ ተቀምጣ ነበር እኮ።»

ከኋላው ሰልፉ ተጨናንቋል፤ ዶኮኖ ሻጯ አንቲ ባዱዋ ልቅሶዋን ጀምራ ተራዋን ትጠብቃለች። ኤቦ አፉን ከፈተ። በወዴት በኩል ነው ሊላት ፈልጎ ነበር፤ ማለት አልቻለም። አራባ እጁን ለቀቀችው።

«በል ወደዚያ ዞር በል» አለች። «ብርሃኑን ጋርደኸዋል። የሚያውቋት ይዩዋት።»

ኤቦ ዞር አለላቸው።